የተዘጋው ገጽ በመራዊ

ፕሲፎን መራዊ የገባው በኢንተርኔት አይደለም፤ በስልክ ሚሞሪ ነው። በ2008 ዓ.ም. ክረምት ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሚማር የጎረቤት ልጅ ለእረፍት ሲመጣ ስልኩ ላይ ይዞት መጣ። ዜንደር በሚባለው የፋይል ማሻገሪያ አሻገረልኝና በሱቄ ኮምፒውተር ላይ አስቀመጥኩት። ከዚያ በኋላ መዝሙርና ዘፈን ለማስጫን የሚመጣ ወጣት ሁሉ "ያቺንም ጨምርልኝ" ይለኝ ጀመር። ስሟን ጮክ ብሎ የሚጠራት አልነበረም። የተዘጉትን ገጾች የሚከፍተው መሣሪያ የሚገኝበት ገጽ ራሱም ተዘግቶ ስለነበር፣ ከእጅ ወደ እጅ ከመሄድ በቀር መንገድ አልነበረውም።

ስለ ኢትዮጵያ የኢንተርኔት እገዳ ብዙ ተጽፏል። የሚጻፈው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከአዲስ አበባ ፍርድ ቤት ወይም ከውጭ አገር ተመራማሪዎች ዘገባ ተነሥቶ ነው። እኔ የማውቀው ከባሕር ዳር በስተደቡብ ሠላሳ ምናምን ኪሎ ሜትር ወጣ ብላ በዳንግላ መንገድ ላይ የተቀመጠችውን፣ የቆጋን መስኖ ሽንኩርትና ስንዴ ስትጭን የምትውለውን መራዊን ነው፤ እሷንም ከአንዲት የፎቶ ኮፒና የሞባይል ጥገና ሱቅ ውስጥ ሆኜ። ከዚህ ሲታይ ታሪኩ የመተግበሪያ ታሪክ አይደለም። እገዳን የማለፍ ልማድ በእኛ ዘንድ ከኮምፒውተር ይቀድማል፤ ሁልጊዜም የቆመው በሚታመን ሰው ላይ ነው።

አባቴ በደርግ ዘመን በድንጋይ ባትሪ የሚሠራ ሬዲዮ ነበረው። ጀርመን ድምፅ የአማርኛ ሥርጭቱን የጀመረው መጋቢት 6 ቀን 1957 ዓ.ም. ነው፤ የአሜሪካ ድምፅ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1982 ተከተለ። ከእነሱ ሌላ ከሰሜን የሚተላለፉ የአማፅያን ጣቢያዎች ነበሩ። አጭር ሞገድ ሽቅብ ወጥቶ ከሰማይ ነጥሮ የሚመለስ ስለሆነ ድንበር አያግደውም፤ ሊያስቀረው የሚፈልግ መንግሥት በዚያው መስመር ላይ ጩኸት ይለቅበታል። ጣቢያዎቹም ያንን ስለሚያውቁ በአንድ ጊዜ በብዙ መስመር ይናገራሉ። አባቴ ከግድግዳው የቀን መቁጠሪያ ጀርባ በእርሳስ የጻፋቸው ቁጥሮች ነበሩት፤ 25 ሜትር ላይ ሲታፈንበት ወደ 31፣ ከዚያም ወደ 41 ይሄዳል። የሚያዳምጠው ከአንድ አስተማሪ ጎረቤታችን ጋር ብቻ ነበር። ሌላ ሰው ከገባ ወሬው ወደ ከብትና ወደ ዝናብ ይዞራል። ሲጨርስም መርፌዋን ወደ ኢትዮጵያ ሬዲዮ ሳይመልስ አያጠፋም፤ በማግስቱ ማንም መጥቶ ቢከፍተው የሚሰማው የመንግሥትን ዜና እንዲሆን።

ዛሬ ደንበኞቼን የማስጠነቅቃቸው ነገር ሁሉ አባቴ ሬዲዮ በሚሰማበት በዚያ ክፍል ውስጥ ነበር። ሁለተኛና ሦስተኛ መስመር መያዝ፣ አብሮ የሚሰማውን ሰው መምረጥ፣ ዱካን አጥፍቶ መነሣት።

መጽሐፉም እንዲሁ ነበር። ከዚሁ ከባሕር ዳር አካባቢ የወጣው አቤ ጉበኛ በ1955 ዓ.ም. ያሳተመው "አልወለድም" ታግዷል። በ1975 ዓ.ም. የወጣው የበዓሉ ግርማ "ኦሮማይ" ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው የካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። መጽሐፉ ግን በድብቅ ሲዞር ኖሯል። እኔ ያነበብኩት ቅጂ ሽፋኑ ተገንጥሎ የሒሳብ መጽሐፍ ሽፋን ተለጥፎበት ነበር፤ ያዋሰኝ ሰው ማን እንደሆነ እስካሁን አልተናገርኩም።

ኢንተርኔት ኢትዮጵያ የገባው በ1989 ዓ.ም. ነው። ወደ እኛ ለመድረስ ዓመታት ፈጅቶበታል። እኔ መጀመሪያ የቀረብኩት ባሕር ዳር፣ በአንድ ኢንተርኔት ቤት ተቀጥሬ በደቂቃ ሒሳብ ስይዝ ነው። በስልክ መስመር የሚመጣ ነበርና አንድ ፎቶ እስኪወርድ ተጠቃሚው ሻይ አዝዞ ይጠጣ ነበር። ያ ወቅት የምርጫ 97 ማግስት ነው። ሰኔ 1997 ላይ የስልክ አጭር መልእክት በአገር ደረጃ ቆመ፤ የተመለሰው ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በሚሊኒየሙ መባቻ ነው። ግንቦት 1998 ደግሞ ገጾች መጥፋት ጀመሩ። ኢትዮሚዲያ፣ ናዝሬት፣ ሳይበር ኢትዮጵያ፣ ከዚያም የብሎግስፖት ጦማሮች በጅምላ። "ይህ ገጽ ታግዷል" የሚል ጽሑፍ አይወጣም፤ ገጹ ሊገኝ አልቻለም ብቻ ነው የሚለው። ባለሥልጣናቱም የዘጋነው ነገር የለም ይሉ ነበር። ይህ ካሰብኩት በላይ ከባድ ጉዳት ነበረው፤ ሰው ኮምፒውተሩ ተበላሸ ብሎ፣ መስመሩ ደከመ ብሎ ሒሳቡን ከፍሎ ይሄዳል። መታገዱን እንኳ ሳያውቅ የታገደ ሰው ማለፊያ መንገድ አይፈልግም።

በ1999 ዓ.ም. የቴሌኮሙኒኬሽን ኤጀንሲው ኢንተርኔት ቤቶች የደንበኛን ስምና አድራሻ እንዲመዘግቡ አዘዘ። መዝገቡን የምይዘው እኔ ነበርኩ። ተጠቃሚዎች ወንበር ላይ ከመቀመጣቸው በፊት ስማቸውን ሲጽፉ እጃቸው የሚዘገየውን አስተውል ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚያነቡት ነገር ተለወጠ። ፖለቲካ ያነብ የነበረው የእግር ኳስ ውጤት አይቶ ይወጣል። የሚያነበውን ግን አልተወም። ውጭ ያለ ዘመድ ጽሑፉን ገልብጦ በኢሜይል ይልክለታል፤ ኢሜይል አልተዘጋማ። አንድ ሰው ያወርደዋል፣ እኔ አትመዋለሁ፣ ወረቀቱ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ ገብቶ በስንት እጅ እንደሚያልፍ አላውቅም። አንዳንዶቹ የፕሮክሲ አድራሻ በትንሽ ወረቀት ጽፈው ይዘው ይመጣሉ፤ የዛሬው ሳምንት ሳይሞላው ይዘጋና ሌላ ወረቀት ይመጣል። የአባቴን የቀን መቁጠሪያ አስታወሰኝ። በኋላ ኦፔራ ሚኒ በትንንሽ ኖኪያዎች ላይ ሲስፋፋ፣ ገጹን በራሱ ሰርቨር አሳንሶ ስለሚያመጣ፣ የተዘጋ የነበረው አንዳንዴ በእሱ ይከፈት ነበር። ገበሬውም ተማሪውም ምክንያቱን ሳያውቅ ተጠቀመበት።

ማፈኑ በሬዲዮም ቀጥሎ ነበር። መጋቢት 2002 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ የአሜሪካ ድምፅን የአማርኛ ሥርጭት ከሩዋንዳው የዘር ማጥፋት ቀስቃሽ ሬዲዮ ከሚል ኮሊን ጋር አመሳስለው፣ ሥርጭቱን ለማፈን መንግሥታቸው ሲዘጋጅ መቆየቱን በአደባባይ ተናገሩ። እኔ በዚያ ጊዜ ወደ መራዊ ተመልሼ ሱቄን ከፍቼ ነበር። ሽማግሌዎች ሬዲዮናቸው ተበላሸ ብለው ያመጡልኛል። ፈትቼ አየዋለሁ፤ ምንም የለበትም። "አባባ፣ ሬዲዮው ደኅና ነው፤ ጩኸቱ ከላይ ነው የሚለቀቀው" እላቸዋለሁ። ሌላውን መስመር ፈልጌ እሰጣቸዋለሁ። ገንዘብ አልቀበልበትም ነበር።

ግንቦት 2004 ላይ ነገሩ ረቀቀ። ቶር የሚባለው ማለፊያ ኢትዮጵያ ውስጥ መሥራት አቆመ፤ የቶር ባለሙያዎችም የሚያልፈውን መረጃ ውስጡን እየመረመረ የሚለይ መሣሪያ መተከሉን አሳወቁ። እስከዚያ የነበረው እገዳ የአድራሻ ዝርዝር ነበር፤ አድራሻውን ከቀየርክ ታልፋለህ። ይኸኛው ግን የመረጃውን ጠባይ ያውቃል፤ ወዴት እንደሚሄድ ባያውቅ እንኳ የተሸሸገ መሆኑን ያውቃል። ስለዚህ ማለፊያዎቹ ተራ ገጽ መምሰል ነበረባቸው። ፕሲፎን በኋላ ላይ የተወደደው ለዚህ ነው። ካናዳ ውስጥ በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ሲቲዝን ላብ የተወለደው ይህ መተግበሪያ አንዱ መንገድ ሲዘጋበት ራሱ ሌላውን ይሞክራል፤ ተጠቃሚው የሚያደርገው አንዲት ቁልፍ መንካት ብቻ ነው።

በዚያው በ2004 ዞን ዘጠኝ የተባሉ ወጣቶች መጻፍ ጀመሩ። ስሙን ያወጡት ከቃሊቲ እስር ቤት ስምንት ዞኖች ቀጥሎ ያለው ዘጠነኛው፣ አገሪቱ ናት በማለት ነው። ጦማራቸው ወዲያው ተዘጋ፤ እነሱ ግን ሌላ እየከፈቱ ቀጠሉ። ሚያዝያ 2006 ላይ በፍቃዱ ኃይሉንና ማሕሌት ፋንታሁንን ጨምሮ ስድስት ጦማሪዎችና ሦስት ጋዜጠኞች ተያዙ። ክሱን ሳነብ የደነገጥኩበት አንድ ነገር ነበር። በኮምፒውተር ራስን ስለ መጠበቅ ሥልጠና መውሰዳቸው፣ "ሴኪዩሪቲ ኢን ኤ ቦክስ" የሚባለውን ለማንም ክፍት የሆነ መመሪያ መጠቀማቸው በክሱ ውስጥ ገብቶ ነበር። ኢሜይሉን መቆለፍ የወንጀል ምልክት ተደርጎ ቀረበ። በ2007 እና በ2008 ዓ.ም. ገሚሶቹ ክሱ ተነሥቶላቸው፣ ሌሎቹ ከሽብር ክሱ ነጻ ተብለው ተፈቱ። በዚያ መካከል ግን ሰው ሁሉ የተማረው ትምህርት ነበር። ሱቄ መጥተው "የይለፍ ቃል አታድርግብኝ፤ ስልኬን የቆለፍኩ እንደሆነ የምደብቀው ነገር ያለኝ ይመስላል" ያሉኝ አሉ። ይህን የመሰለ ፍርሃት በአንድ ዓመት አይለቅም። ለአንዲት አገር ከዚህ የከፋ የኮምፒውተር ትምህርት ያለ አይመስለኝም።

እገዳና ስለላ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ብዙ ሰው አይለይም፤ አንዱን ያለፈ ከሌላው የዳነ ይመስለዋል። መጋቢት 2005 ሲቲዝን ላብ ባወጣው ጥናት የተቃዋሚውን የግንቦት 7 ንቅናቄ መሪዎች ፎቶ ማጥመጃ ያደረገ ፊንፊሸር የተባለ የስለላ ፕሮግራም አገኘ። ፎቶውን የከፈተ ሰው ኮምፒውተሩን አሳልፎ ይሰጣል። ታኅሣሥ 2006 ላይ በውጭ የሚሠሩ የኢሳት ቴሌቪዥን ጋዜጠኞችን የጣሊያኑ ሃኪንግ ቲም በሠራው ፕሮግራም ለመሰለል ተሞከረ፤ ሰኔ 2007 የዚያ ኩባንያ ፋይሎች ተሰርቀው ሲበተኑ የኢትዮጵያ የመረጃ መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ (ኢንሳ) 1 ሚሊዮን ዶላር የከፈለበት ውል ታየ። በሜሪላንድ የሚኖር ትውልደ ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊ ኮምፒውተሬ ተሰልሏል ብሎ የኢትዮጵያን መንግሥት አሜሪካ ፍርድ ቤት ከሰሰ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 የዋሽንግተን ይግባኝ ፍርድ ቤት የውጭ መንግሥት በዚህ ዓይነት ጉዳይ አሜሪካ ውስጥ ሊከሰስ አይችልም ብሎ መዝገቡን ዘጋ። ጋዜጠኞቹና የሜሪላንዱ ሰው የሚኖሩት የፖለቲካ ገጽ በማይታገድበት አገር ነው። አደጋው የመጣባቸው በተላከላቸው ፋይል ነው። ለዚህ ነው ውጭ የሚሄድ ሰው "እዚያማ ነጻ ነው" ሲለኝ የማላምነው።

2008 ዓ.ም. መራዊን የለወጠ ዓመት ነው። ግንቦት ላይ የ12ኛ ክፍል ፈተና ሾልኮ ወጣ፤ ሐምሌ ላይ ፈተናው ሲደገም ፌስቡክና መሰሎቹ በአገር ደረጃ ተዘጉ። ከዚያ ነሐሴ 1 መጣ። በዚያች እሑድ ባሕር ዳር ሰልፍ ወጥቶ በጥይት ተበተነ፤ አምነስቲ ኢንተርናሽናል የሟቾቹን ቁጥር ቢያንስ 30 አድርሶታል። በቅዳሜና በእሑዱ መላ አገሪቱ ላይ ኢንተርኔት አልነበረም። መስከረም 2009 መጨረሻ ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ከውጭ የሚሠራጩትን ኢሳትንና ኦኤምኤንን ማየት ሳይቀር ተከለከለ፤ የሞባይል ዳታም ለወራት ጠፋ። ኡኒ የተባለው የመለኪያ ፕሮጀክት ከአምነስቲ ጋር ታኅሣሥ 2009 ባወጣው ዘገባ ዋትስአፕ መዘጋቱን፣ ቢያንስ 16 የዜና ገጾች መታገዳቸውን፣ የቶርና የፕሲፎን ገጾችም ከታገዱት መካከል መሆናቸውን አስፍሯል። ያ የጎረቤቴ ልጅ ፕሲፎንን በስልኩ ይዞ የመጣው ለምን እንደሆነ ዘገባውን ሳነብ ገባኝ።

ሰኔ 15 ቀን 2010 ዓ.ም. መንግሥት 264 ገጾችንና የቴሌቪዥን ጣቢያዎችን ከእገዳ መፍታቱን አስታወቀ። ለዓመታት በተዘዋዋሪ ያየናቸውን ገጾች በቀጥታ ከፈትን። ቪፒኤናቸውን፣ ማለፊያ መተግበሪያቸውን፣ ያጠፉ ብዙ ነበሩ፤ ስልካቸው ቦታ ስለሞላባቸው እኔው ነኝ ያጠፋሁላቸው። በዓመቱ፣ በዚያው ሰኔ 15 ቀን፣ ባሕር ዳር ውስጥ የክልሉ ፕሬዚዳንት ዶክተር አምባቸው መኮንን፣ አቶ እዘዝ ዋሴና አቶ ምግባሩ ከበደ ተገደሉ። አዲስ አበባ ላይ ጄኔራል ሰዓረ መኮንንና ጄኔራል ገዛኢ አበራ ተገደሉ። ኢንተርኔት ከዳር እስከ ዳር ጠፋ፤ ከሳምንት በላይ አልተመለሰም። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ኢንተርኔት እንደ ውኃና እንደ አየር እንዳልሆነ፣ ሲያስፈልግ እንደሚቋረጥ ተናገሩ።

የታሪኩ መታጠፊያ እዚህ ላይ ነው። ስልኩን ይዞ "ቪፒኤን ጫንልኝ" የሚል ሰው ሱቄ ይመጣል፤ እኔም የማይሠራበትን ምክንያት ማስረዳት ነበረብኝ። ወደ ዱርቤቴ ስትሄድ ኬላ ቢዘጋብህ በማሳ በኩል ዞረህ ታልፋለህ፤ የግልገል አባይ ድልድይ ራሱ ቢነሣ ግን የጓሮ መንገድ የለህም እላቸው ነበር። ማገድ ገጽን መምረጥ ይፈልጋል፤ ማቋረጥ ምርጫ አያስፈልገውም። ለዓመታት ሰው የተማረው ብልሃት ሁሉ፣ ፕሮክሲውም፣ ኦፔራ ሚኒውም፣ ፕሲፎኑም፣ ለመጀመሪያው ነው። መንግሥት ሰው ኬላውን ማለፍ መልመዱን ሲያይ ድልድዩን ማንሣት ለመደ። አርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ ሰኔ 22 ቀን 2012 ሲገደል ሦስት ሳምንት ገደማ ተቋረጠ። ትግራይ ከጥቅምት 2013 ጀምሮ በጦርነቱ ዘመን የቆየችበትን ዝምታ እኛ በዚያን ጊዜ በቅጡ አልተረዳነውም። ይህን ስጽፍ ከልቤ እያዘንኩ ነው። ያኔ ስለ ትግራይ ጠይቀን ቢሆን ኖሮ ምን እንደሚመጣብን ቀድመን እናውቅ ነበር።

የካቲት 2 ቀን 2015 ላይ፣ በቅዱስ ሲኖዶሱ ላይ መከፋፈል ተነሥቶ ምእመኑ በጾመ ነነዌ ጥቁር ለብሶ በሰነበተበት ሳምንት፣ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተዘጉ። ይህ እገዳ ሱቄን በሌላ ሰው ሞላው። እስከዚያ ድረስ የሚመጡት ተማሪዎች ነበሩ። አሁን የሰንበት ትምህርት ቤት መዘምራን፣ ዲያቆናት፣ የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው ስልክ የሚያወጡ እናቶች መጡ። የሲኖዶሱን መግለጫ መስማት ነው የፈለጉት። "ልጄ፣ ያቺን መክፈቻ አድርግልኝ" ትለኛለች አንዷ። እኔም "እሺ እማማ፤ ስትጨርሺ ግን እንዲህ አድርገሽ አጥፊያት" እላለሁ።

ያን ጊዜ ነው ስለ ቪፒኤን ራሱ መምከር ግዴታ የሆነብኝ። ነጻ ነው ተብሎ የሚወርድ መተግበሪያ በየቀኑ አዲስ ይመጣ ነበር። ቪፒኤን ሲበራ የምታየውን ነገር ከአገር ውስጡ አገልግሎት ሰጪ ዓይን ይጋርድና ለቪፒኤኑ ባለቤት ያሳያል፤ መተማመኑ ከአንዱ ወደ ሌላው ተዛወረ እንጂ አልቀረም። ባለቤቱ ማን ነው፣ ገንዘቡን ከየት ያገኛል ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። የስልክህን ዝርዝር፣ መልእክትህንና ፎቶህን ልይ የሚል ቪፒኤን ማለፊያ ሳይሆን ሌባ ነው፤ መስመር ለማሻገር እነዚያ አያስፈልጉትም። ከማይታወቅ ሰው በዜንደር የመጣውን ሳይሆን ከባለቤቱ ገጽ የወረደውን ቅጂ ብቻ መጫን ጀመርኩ፤ የባንክ መተግበሪያ በእሱ ላይ እንዳይከፈት እነግራለሁ። የቴሌግራምና የፌስቡክ አካውንታቸው ላይ ሁለተኛውን የማረጋገጫ ቁልፍ ሳላበራ ስልክ መልሼ አልሰጥም ነበር።

እገዳው የተነሣው ሐምሌ 10 ነው። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ፣ ሐምሌ 27 ቀን 2015፣ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ በማግስቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ታወጀ። ለአንድ ዓመት ገደማ አልተመለሰም።

በዚያ ዓመት የሆነውን በዝርዝር መጻፍ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ምንም ያልተለጠፈበት ዓመት ነው። የቆጋ ሽንኩርት ደላሎች ዋጋ የሚለዋወጡባቸው የቴሌግራም ቡድኖች ሞቱ፤ ገበሬው የባሕር ዳርን ዋጋ የሚያውቀው ከሹፌር ሆነ። ጥቅምት ላይ ዲቪ የሚሞላበት ወቅት መጣ። የእኔን የመሰለ ሱቅ ዓመቱን ከሚኖርባቸው ሥራዎች አንዱ ይህ ነበር። ፎቶ እያነሣሁ፣ ስምና የልደት ቀን እየመዘገብኩ በፍላሽ አስቀመጥኩ፤ መንገዱ በተከፈተ ቀን አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ይዞት ሄዶ እዚያ ተሞላ። የአንድ ሰፈር ሰው ሙሉ ማንነት በአንድ ሰው ኪስ ውስጥ ሆኖ ኬላ አለፈ። ፍላሹን በይለፍ ቃል ቆልፌ ቃሉን አዲስ አበባ ለሚቀበለው ሰው በስልክ ነገርኩት፤ ተሸካሚው አያውቀውም። ቢያዝ አላውቅም ማለቱ እውነት እንዲሆን ነው። በኬላ ስልክ መፈተሽ የተለመደ ነበርና ወጣቶች ከመጓዛቸው በፊት መጥተው ፎቶና መልእክታቸውን ያስጠፋሉ። እኔ ግን ሙሉ በሙሉ ባዶ የሆነ ስልክ ከሞላው ይበልጥ እንደሚያጠራጥር እነግራቸው ነበር፤ የቤተሰብ ፎቶ፣ የሠርግ ቪዲዮ፣ መዝሙር ይኑርበት። አባቴ ሬዲዮውን ባዶ መስመር ላይ አልነበረም የሚተወው፤ ኢትዮጵያ ሬዲዮ ላይ ነው።

ጥር 20 ቀን 2016 ዓ.ም. መራዊ ውስጥ በመንግሥት ኃይሎችና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል ውጊያ ሆነ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን የካቲት 5 ቀን ባወጣው መግለጫ ቢያንስ 45 ሰላማዊ ሰዎች ፋኖን ደግፋችኋል ተብለው በመንግሥት የጸጥታ ኃይሎች ከሕግ ውጭ መገደላቸውን ገለጸ። በሁለቱ ቀኖች መካከል ያለው ጊዜ ሁለት ሳምንት ነው። አዲስ አበባ ያለ የመራዊ ልጅ እናቱ በሕይወት መኖሯን ለማወቅ፣ አሜሪካ ያለው ደግሞ ወንድሙ መቀበሩን ለመስማት ያንን ያህል ጠብቋል። ኢንተርኔት ቢኖር ግድያው ይቀር ነበር ወይ የሚለውን አልከራከርበትም። ስም ዝርዝሩ ግን በዚያው ቀን ይወጣ ነበር። ቤተሰብ ለቅሶውን በቀኑ ይቀመጥ ነበር። ተርፎ የቆሰለውም የት ሆስፒታል እንደገባ ይታወቅ ነበር። የሚቋረጠው መረጃ ይህ ነው፤ ፖለቲካ ብቻ አይደለም።

በክልሉ ከተሞች ዳታ ሲመለስ መጀመሪያ ሱቄ የመጡት ወደ ውጭ ለመሄድ ያሰቡ ናቸው። ከእኛ ወረዳ ከሜጫ ወደ አረብ አገር የሚሄዱ ሴቶች ብዙ ናቸው፤ ቪዛቸውን ከማየታቸው በፊት ቪፒኤን ያውቃሉ። እዚህ የለመዱት ነገር እዚያ ሌላ ትርጉም እንዳለው ማስረዳት የእኔ ሥራ ሆነ። ኤምሬቶች ፈቃድ በሌላቸው መተግበሪያዎች በድምፅና በቪዲዮ መደወልን ያግዳሉ፤ በቪፒኤን አድራሻን ሸሽጎ ወንጀል መሥራት ወይም መሸፋፈን ከ500 ሺህ እስከ 2 ሚሊዮን ድርሃም ያስቀጣል። አንዲት የቤት ሠራተኛ ዕድሜዋን ሙሉ ብትሠራ የማትከፍለው ገንዘብ ነው። ስለዚህ ለእሷ የምጭንላት ማለፊያ ሳይሆን እዚያ የተፈቀደውን የመደወያ መተግበሪያ ነው፤ ለእናቷም እዚህ ያንኑ። ሳዑዲ በበኩሏ እ.ኤ.አ. በ2017 የኢንተርኔት ጥሪን ፈቅዳለች፤ ሁለቱን አገር አንድ አድርጎ መምከር አይቻልም። ፓስፖርቷን፣ የሥራ ውሏንና የአሠሪዋን አድራሻ ፎቶ አንሥቼ ስልኳ ላይ ብቻ ሳይሆን እህቷም ዘንድ አስቀምጣለሁ፤ ስልክ የሚነጠቅበት ቤት አለና።

ወደ ጓንጁ ለዕቃ ለሚሄደው ነጋዴ ምክሩ ሌላ ነው። እዚያ ጉግል፣ ፌስቡክና ዋትስአፕ አይከፈቱም፤ የጉግል የመተግበሪያ መደብርም ስለማይከፈት የሚያስፈልገውን እዚሁ ጭኖ መሄድ አለበት። በኢትዮጵያ ሲም ሮሚንግ የሚጠቀም ከሆነ ዳታው ብዙውን ጊዜ በአገር ቤት በኩል ስለሚዞር የተዘጋው ይከፈትለታል፤ ግን ውድ ነው፣ ለአስቸኳይ ጉዳይ ብቻ። የሆቴሉን ዋይፋይ ለባንክ አይጠቀምም። ከቻይናው ሻጭ ጋር በዊቻት ሲነጋገር የዋጋ እንጂ የአገር ወሬ አያወራም፤ መድረኩ ክትትል የሚደረግበት ነው። "አዘምን" የሚል ድንገተኛ ማሳሰቢያ ካየ አይነካም፤ ኅዳር 2010 ላይ ሲቲዝን ላብ እንዳጋለጠው በውጭ ያሉ ኢትዮጵያውያን የተጠመዱት የአዶቤ ፍላሽ ማዘመኛ መስሎ በቀረበ ፕሮግራም ነበር።

ይህን ሁሉ እኔ ብነግራቸውም የሚሄዱበትን አገር አላየሁትም፤ ሕጉም ይለወጣል። ዱባይ የደረሰች ልጅ ሲም እንዳወጣች የምትደውለው ከእሷ በፊት ለሄደችው የመራዊ ልጅ ነው። የትኛው እንደሚሠራ፣ የትኛው እንደሚያስቀጣ፣ የትኛዋ አሠሪ ስልክ እንደምትፈትሽ ያቺ ታውቃለች።